ከበግ ጥርስ እስከ ቅዳሜ አጨዳ

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሌቪታውን የተባለች ከተማ በኒውዮርክ ግዛት፣ ሎንግ አይላንድ በሚገኝ የድንች እርሻ ላይ ተገነባች። እዚያ ቤት የገዛ ሰው የሚፈርመው ውል ስለ ክፍያና ስለ ወሰን ብቻ የሚናገር አልነበረም። ገዢው ከኤፕሪል 15 እስከ ኖቬምበር 15 ድረስ ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ የግቢውን ሣር ሊያጭድና የረዘመ አረም ሊነቅል ግዴታ ይገባ ነበር። ካላጨደ ሻጩ የራሱን ሠራተኞች ልኮ ያሳጭድና ሒሳቡን ለባለቤቱ ይልካል።

ዛሬ በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በቨርጂንያዋ አሌክሳንድርያ ቤት ገዝቶ የገባ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብም ከዚያ ብዙ ያልራቀ የሥራ ዓመት ይረከባል። በማርች የአረም መከላከያ ይበተናል፣ ከኤፕሪል ጀምሮ በየሳምንቱ ይታጨዳል፣ በጁላይ ውሃ ይጠጣል ወይም እንዲደርቅ ይተዋል፣ በሴፕቴምበር ይዘራል፣ በኖቬምበር ቅጠል ይጠረጋል። ጎረቤት ሁሉ የሚያደርገው ነውና የተፈጥሮ ሥርዓት ይመስላል። ነገር ግን እያንዳንዱ ሥራ የራሱ የትውልድ ቦታና ዘመን አለው። አንዱ ከእንግሊዝ ዝናብ፣ ሌላው ከሱፍ ፋብሪካ፣ ሌላው ከጦርነት ጊዜ ቤተ ሙከራ፣ ሌላው ደግሞ ከቤት ሻጭ ውል የመጣ ነው። (እዚህ ያሉት ዓመታትና ወራት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ነገሩ የሚጀምረው ሣር ያለ ብዙ ድካም ከሚያድግበት አገር ነው። በእንግሊዝ ዝናቡ ሳይከብድ ዓመቱን ሙሉ ይዘንባል፤ የጁላይ ፀሐይ ሥር አያደርቅም፣ የጃንዋሪ ብርድም ሥር አይገድልም። በዚያ አገር ሣርን አጭርና ጥቅጥቅ ያለ አድርጎ ያቆየው ለብዙ መቶ ዓመታት የበግ ጥርስ ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ባላባቶቹ ይህንኑ የግጦሽ መስክ ወደ ቤታቸው ደጃፍ አስጠጉት። በዚህ ሥራ ከሁሉ በላይ ስሙ የገነነው ላንስሎት ብራውን (ከ1716 እስከ 1783) ሲሆን፣ እንደ ብሌንሃይም ባሉ ታላላቅ ርስቶች አበባውንና የተከረከመውን ቁጥቋጦ አስነቅሎ ሣሩ ያለምንም አጥር እስከ ቤቱ ግድግዳ እንዲደርስ አድርጓል። በጎቹ ደጅ እንዳይገቡ የሚከለክላቸው ከቤቱ መስኮት የማይታይ፣ በአንድ ወገኑ ግንብ ያለው ጥልቅ ቦይ ነበር። ባላባቱ በመስኮቱ ሲመለከት መሬቱ ወሰን የሌለው ይመስለዋል።

እንዲህ ያለው ሣር የሀብት መግለጫ ነበር። መሬት ሲታረስ እህል ይሰጣል፣ ሲከለል ድርቆሽ ይሰጣል። ለዓይን ብቻ ሲተው ግን ባለቤቱ ያለዚያ እህልና ድርቆሽ መኖር እንደሚችል ያሳያል። በጎች ከማይደርሱበት፣ ከቤቱ አጠገብ ያለውን ሣር ደግሞ የሚያጭዱት ረጅም እጀታ ያለው ማጭድ የያዙ ሰዎች ነበሩ። የሚሠሩት ጎህ ሲቀድ ነው፤ ጤዛ ያረጠበው ሣር ለማጭዱ ስለት ቀጥ ብሎ ይቆምለታል፣ የደረቀው ግን እየተኛ ያመልጠዋል። ከኋላቸው የታጨደውን የሚጠርጉና የሚሰበስቡ ሌሎች ሠራተኞች ይከተላሉ። ይህን ሁሉ ሰው በየጥቂት ቀኑ ማሰማራት የሚችል ቤተሰብ ጥቂት ነበር።

ይህን የለወጠው ከሱፍ ፋብሪካ የተነሣ ሐሳብ ነው። በደቡብ ምዕራብ እንግሊዝ፣ በግሎስተርሻየር አውራጃ፣ የስትራውድ ሸለቆ ከጥንት ጀምሮ በሱፍ ጨርቅ የታወቀ ነው። ከሽመና የወጣ የሱፍ ጨርቅ ፊቱ ጸጉራም ስለሚሆን ያንን የሚላጭ መሣሪያ በየፋብሪካው ነበር፦ ጠምዛዛ ስለቶች የታሰሩበት ሲሊንደር እየተሽከረከረ በማይንቀሳቀስ ቢላ ላይ ጸጉሩን ይቆርጣል። ኤድዊን ባዲንግ የተባለው የአካባቢው መካኒክ ይኸው ዘዴ ለሣር እንደሚሠራ አሰበ። በሚነገረው ታሪክ መሠረት ጎረቤቶቹ አብዷል እንዳይሉት ማሽኑን የሞከረው ሌሊት ሌሊት ነበር። የፈጠራ መብቱን ያገኘው በኦገስት 31 ቀን 1830 ነው። ወጪውን የቻለው ጆን ፌራቢ የተባለ ሸሪኩ ማሽኑን በራሱ ብረት ማቅለጫ አስመረተ።

ማሽኑ የብረት ሥራ በመሆኑ ከባድ ነበር። አንድ ሰው ከኋላ ይገፋል፤ ከፊት ደግሞ ሌላ ሰው የሚጎትትበት ተጨማሪ እጀታ ነበረው። ቀድመው ከገዙት አንዱ በለንደን ሪጀንትስ ፓርክ የሚገኘው የእንስሳት መጠበቂያ ነው። የዚያ አትክልተኛ አንዱ ማሽን ማጭድና መጥረጊያ የያዙ ከስድስት እስከ ስምንት ሰዎች የሚሠሩትን ይሠራል ብሎ መስክሯል። ከ1832 ጀምሮ የኢፕስዊቹ ራንሰምስ ኩባንያ በፈቃድ ማምረት ያዘ። በኋላ በፈረስ የሚጎተቱ ትልልቅ ማጨጃዎች ሲመጡ የፈረሱ ሰኮና ሣሩን እንዳይጎዳ የቆዳ ጫማ ይደረግለት ነበር።

ባዲንግ ያመጣው ለውጥ የጉልበት ብቻ አይደለም። ማሽኑ እርጥብ ሣር ሲያገኝ ይጣበቃል፣ ደረቁን ግን ጥርት አድርጎ ይቆርጣል። ስለዚህ አጨዳ ከጎህ ወደ ቀን ተሸጋገረ። ከዚያም በላይ ደጋግሞ ማጨድ ተቻለ። ሣር የሚያድግበት እምቡጥ ከመሬት አጠገብ፣ ከሥሩ በላይ ስለሆነ ጫፉ ቢቆረጥም አይሞትም፤ እንዲያውም ወደ ጎን እየተቆጠቆጠ ይጠቀጥቃል። ይህ የሚሆነው ግን ጥቂት ጥቂት ከተቆረጠ ብቻ ነው። ዛሬ በአሜሪካ የሚገኙ የግብርና ኮሌጆች የሚያስተምሩት መመሪያ፣ በአንድ አጨዳ ከሣሩ ቁመት ከሦስት አንድ እጅ በላይ እንዳይቆረጥ፣ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው። በሜይ ወር ሣሩ ፈጥኖ ሲያድግ ሦስተኛውን እጅ ብቻ ለመቁረጥ በየሳምንቱ መውጣት ግድ ይሆናል። ለዚህ ድግግሞሽ ማጭድና የቀን ሠራተኛ አይበቃም ነበር፤ ማሽኑ አስቻለው።

ባዲንግ በ1846 ሞተ። ሥራው የባላባቱን መስክ መካከለኛ ኑሮ ወዳለው ሰው ደጃፍ አመጣለት።

አትላንቲክን ተሻግሮ ግን ታሪኩ ይከብዳል። ከአውሮፓ የሄዱት ሰፋሪዎች በሰሜን አሜሪካ ምሥራቅ ያገኙት አገር በቀል ሣር በጣም አጭር ግጦሽን የሚችል አልነበረም። ከብቶቻቸው አመናመኑት፤ በቦታው በድርቆሽና በመኝታ ገለባ ውስጥ ተደብቆ፣ አንዳንዴም ታስቦበት የተዘራው የአውሮፓ ሣር በቀለ። አሜሪካውያን ኬንታኪ ብሉግራስ ብለው የሚኮሩበት ሣር ራሱ ከአውሮፓና ከእስያ የመጣ ነው። እነዚህ ሣሮች ደህና አድርገው የሚያድጉት አየሩ ከ15 እስከ 24 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። የዋሽንግተን አካባቢ ጁላይ ግን ከ30 ዲግሪ ያልፋል፣ ጃንዋሪው ደግሞ ይበርዳል። እንግሊዝ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የሚሠራ ሣር እዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ ብቻ፣ አንዴ ከብርዱ በኋላ አንዴ ከሙቀቱ በኋላ፣ ሙሉ ኃይሉን ያገኛል። የአሜሪካ ግቢ የሥራ ዓመት ውጣ ውረድ ሁሉ መነሻው ይህ አለመጣጣም ነው።

ሆኖም ምኞቱ ከአየሩ በርትቶ ተገኘ። አንድሩ ጃክሰን ዳውኒንግ በ1841 ባሳተመው የመልክዓ ምድር መጽሐፍ የእንግሊዝን ለስላሳ መስክ ለአሜሪካውያን አስተዋወቀ። ፍሬድሪክ ሎ ኦልምስቴድ በ1869 በቺካጎ አቅራቢያ ሪቨርሳይድ የተባለውን ሰፈር ሲነድፍ ቤቶቹ ከመንገዱ 30 ጫማ ወደ ውስጥ እንዲገቡ አዘዘ፤ መንገደኛው በአንድ ሰፊ መናፈሻ መካከል የሚያልፍ እንዲመስለው ነው። በ1870 ደግሞ ፍራንክ ስኮት የተባለ ጸሐፊ ስለ ትናንሽ የከተማ ዳርቻ ግቢዎች በጻፈው ወፍራም መጽሐፍ፣ የፊት ለፊት ግቢን በአጥር ከልሎ ከጎረቤት ዓይን መደበቅ የጉርብትና ጉድለት እንደሆነ ተከራከረ። ሣር የባለቤቱ ብቻ መሆኑ ቀርቶ የመንገዱ ሁሉ የጋራ መልክ ሆነ።

ለአዲስ አበባ ወይም ለጎንደር ሰው ይህ ሐሳብ እንግዳ ነው። እኛ ዘንድ ግቢ በአጥር ይከበራል፤ ለምለሙ ሣር ታጭዶ ወደ ቤት ይገባል፣ በቡናው ረከቦት ዙሪያ ይጎዘጎዛል፣ የቀረው የከብቱ ነው። ሣርን ደጅ ላይ አጭዶ፣ ማንም ሳይበላው፣ ላላፊ አግዳሚ እይታ ብቻ ማቆየት የአሜሪካ ዳርቻ ሰፈሮች ልማድ ነው። ከኢትዮጵያ ሄደው እዚያ ቤት የገዙ ሰዎች የፊተኛውን ግቢ ለመንገዱ ትተው፣ ጎመኑንና ቃሪያውን ወደ ጓሮ ማዞራቸው ከስኮት ዘመን የወረሱት ሥርዓት ነው።

ዳርቻ ሰፈሩ እንዲህ ቢያስብም፣ በጉ ከሣር ላይ ቶሎ አልተነሣም። በኒውዮርክ ሴንትራል ፓርክ በጎች እስከ 1934 ድረስ ይሰማሩ ነበር። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ፕሬዚዳንት ዉድሮ ዊልሰን በዋይት ሐውስ መስክ ላይ በጎች አሰማሩ፤ የአጫጆቹ ጉልበት ለሌላ ሥራ ተረፈ፣ የበጎቹም ሱፍ በጨረታ ተሸጦ ከ50,000 ዶላር በላይ ለቀይ መስቀል ገቢ ሆነ።

የግቢ ሣር የሳይንስ ጉዳይ የሆነው በጎልፍ ምክንያት ነው። ጎልፍ የተወለደው እርጥበት ባልተለየው በስኮትላንድ ጠረፍ ነው፤ አሜሪካውያን ጨዋታውን ሲወዱት ለጨዋታው የሚሆን ሣር ግን አልነበራቸውም። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤትና የጎልፍ ማኅበሩ በቨርጂንያ አርሊንግተን፣ ከዋሽንግተን ወንዝ ማዶ፣ የሣር ዓይነቶችን በመደብ በመደብ ዘርተው ማወዳደር ያዙ። ማኅበሩ ለዚህ ሥራ በ1920 የራሱን ክፍል አቋቋመ። ዛሬ በብዙ ግቢ የሚታየው ኬንታኪ 31 የተባለው ፌስኪው ሣር የተገኘው በ1931 በኬንታኪ አንድ ገበሬ ተዳፋት መሬት ላይ ነው፤ ድርቅና ብርድ ሲፈራረቅበት አረንጓዴነቱን አለመልቀቁን ያስተዋለ የዩኒቨርሲቲ ባለሙያ ዘሩን ወስዶ አባዛው፣ በ1943ም ለገበሬዎች ተለቀቀ። ሥሩ ጠልቆ ስለሚሄድ የዋሽንግተንን ሙቀት ከብሉግራስ ይልቅ ይችላል። በኦሃዮ ሜሪስቪል በ1868 የተመሠረተው የስኮትስ የዘር ድርጅት ደግሞ ከ1928 ጀምሮ ስለ ሣር አያያዝ የምክር መጽሔት ለቤት ባለቤቶች ይልክ ነበር። በዚያው ዓመት ለግቢ ሣር ብቻ የተዘጋጀ ማዳበሪያም ለገበያ አቀረበ። ምክሩንና ሸቀጡን የሚያቀርበው አንድ እጅ ነበር። ሕዝቡ በየወሩ ምን መግዛት እንዳለበት የተማረው በዚህ መንገድ ነው።

ያኔም ቢሆን የተስተካከለ ሣር የሁሉም አልነበረም። ሁለት ነገሮች ሰፊው ሕዝብ ዘንድ አደረሱት፦ ትርፍ ጊዜና የራስ ቤት። በ1938 የወጣው የሠራተኛ ሕግ ደረጃ በደረጃ የሥራውን ሳምንት ወደ 40 ሰዓት አወረደው፤ ሠራተኛው ቅዳሜውን አገኘ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት የተመለሱት ወታደሮች ደግሞ በመንግሥት ዋስትና የቤት ብድር አገኙ። የሌቪት ቤተሰብ ከ1947 እስከ 1951 ሎንግ አይላንድ ላይ ከ17,000 በላይ ቤቶች ሠራ፤ የእያንዳንዱ ቦታ ስፋት በአብዛኛው 60 ጫማ በ100 ጫማ ነው። ልጁ ዊልያም ግንባታውን ሲመራ፣ አባቱ አብርሃም ሌቪት አትክልቱን ያዘ። ሽማግሌው ከልቡ ተክል ወዳድ ነበር፤ ለእያንዳንዱ ቤት ሣር አስዘርቶ የፍሬ ዛፍ አስተከለ፣ በአካባቢው ጋዜጣ ላይም ለነዋሪው ስለ አያያዙ ጻፈ። አብዛኞቹ ገዢዎች ከከተማ ፎቅ የመጡ፣ በሕይወታቸው ሣር አጭደው የማያውቁ ናቸው። ውሉ ያስቀመጠው ቀነ ገደብና የአጥር ክልከላ፣ እንዲሁም የአዛውንቱ ምክር አንድ ላይ ሆነው ገበሬ ያልነበረ ሕዝብ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የአጨዳ ልማድ እንዲይዝ አደረጉ።

ያው ውል ግን ሌላም አንቀጽ ነበረው። ነጭ ያልሆነ ሰው ከቤት ሠራተኛነት በቀር በቤቱ እንዳይኖር ይከለክላል። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1948 እንዲህ ያለውን ውል ፍርድ ቤቶች ሊያስፈጽሙት አይችሉም ብሎ ወሰነ፤ አንቀጹ ቢወጣም ኩባንያው ለጥቁሮች አለመሸጡን ቀጠለ። በ1957 ዊልያምና ዴይዚ ማየርስ የተባሉ ጥቁር ባልና ሚስት በሌላኛዋ፣ በፔንሲልቬንያዋ ሌቪታውን ቤት ከቀድሞ ባለቤቱ ገዝተው ሲገቡ ሕዝብ ተሰብስቦ ድንጋይ ወረወረባቸው፣ የግዛቱ ፖሊስ መግባት ግድ ሆነበት። የተሰበሰበው ሰው የቆመው እያንዳንዱ ጎረቤት በየሳምንቱ በሚያጭደው፣ አጥር በሌለው፣ የጋራ ነው በተባለው ሣር ላይ ነው።

ይህን ሳይጠቅሱ የግቢውን ሣር ውበት ብቻ ማውራት ታሪኩን ማጉደል ነው። የሲልቨር ስፕሪንግ ብዙ ሰፈሮችም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አጋማሽ ሲሠሩ በዘር የሚከለክል ውል ነበራቸው። በ1968 የወጣው የፍትሐዊ መኖሪያ ቤት ሕግ አድልዎውን በሕግ ከለከለ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ ወዲህ በብዛት ወደ ዋሽንግተን የገቡት ኢትዮጵያውያን መጀመሪያ በአዳምስ ሞርጋን አካባቢ በኪራይ ኖሩ፤ ኋላ ወደ ሜሪላንድና ወደ ቨርጂንያ ዳርቻ ወጥተው ቤት ገዙ። የሣር ማጨጃቸውን በሚያስነሡበት በዚያ ደጃፍ ላይ ከአንድ ትውልድ በፊት እንደ እነርሱ ያለ ቆዳ ያለው ሰው ባለቤት ሆኖ እንዲቆም አይፈቀድለትም ነበር።

አሁን ወደ ሥራው ዓመት እንመለስ። በማርች መጨረሻ ፎርሲቲያ የተባለው ቁጥቋጦ ቢጫ አበባውን ሲያራግፍ የዋሽንግተን አካባቢ ሰዎች የክራብግራስ መከላከያ ይበትናሉ። ክራብግራስ በዓመት አንዴ በቅሎ፣ ዘሩን አራግፎ፣ በውርጭ የሚሞት አረም ነው። ዘሩ የሚበቅለው የአፈሩ ሙቀት ለጥቂት ቀናት ወደ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲደርስ ስለሆነ መድኃኒቱ ከዚያ ቀድሞ መሬት ላይ መገኘት አለበት። ለዳንዴላየንና ለሌሎች ሰፊ ቅጠል ያላቸው አረሞች የሚረጨው ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። ቱ-ፎር-ዲ የተባለው ንጥረ ነገር የተመረመረው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የጠላትን ሰብል ማጥፋት ይቻል እንደሆነ በሚጠና ምስጢራዊ ሥራ ውስጥ ነው። በ1945 ለገበያ ቀረበ። ሰፊ ቅጠል ያለውን እድገት አናግቶ ይገድላል፣ ሣርን ግን አይነካም።

ያልታሰበው ተጎጂ ማገጥ ነበር። እስከዚያ ድረስ የግቢ ዘር ውስጥ ማገጥ ተደባልቆ መሸጡ የተለመደ ነበር፤ በኢትዮጵያ ደጋ መስክ ላይ ለሚያብበው ማገጥ ዘመድ የሆነው ይህ ተክል ናይትሮጅንን ከአየር ወስዶ ለአፈሩ ይሰጣል፣ ንብ ይቀልባል፣ በድርቅም ቶሎ አይጠወልግም። አዲሱ መድኃኒት ማገጡን ከዳንዴላየኑ መለየት አልቻለም። ሁለቱም አብረው ሞቱ፤ ከዚያ በኋላ ማገጥ ከአረም ተቆጠረ። ማገጡ በነጻ ይሰጥ የነበረውን ናይትሮጅን ደግሞ በከረጢት መግዛት መጣ፤ ለጦር መሣሪያ ፈንጂ ናይትሮጅን ያመርቱ የነበሩ ፋብሪካዎች ወደ ማዳበሪያ ዞረው ስለነበር አቅርቦቱ ሞልቷል። ፀረ-አረሙንና ማዳበሪያውን አንድ ላይ የያዘ ከረጢት በ1950ዎቹ የእያንዳንዱ መጋዘን ዕቃ ሆነ። የግቢውን ሣር ከገንዘብ ጋር ካቆራኙት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

የዚህን ዘመን ልማድ ያናወጠችው ሴት የሲልቨር ስፕሪንግ ነዋሪ ነበረች። የሥነ ሕይወት ተመራማሪዋ ሬቸል ካርሰን በ1962 የታተመውን “ሳይለንት ስፕሪንግ” የጻፈችው በዚያው ባሠራችው ቤት ሲሆን፣ ያረፈችውም በ1964 እዚያው ነው። መጽሐፉ በሰፊው የሚታወቀው ዲዲቲ ስለተባለው ፀረ-ተባይ ቢሆንም፣ በየግቢው ስለሚረጩት የክራብግራስ መግደያዎችና በውስጣቸው ስላለው መርዝም በግልጽ ይናገራል። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በኋላ የካርሰን ጎረቤት ከተማ ታኮማ ፓርክ በ2013፣ ሲልቨር ስፕሪንግን የያዘው ሞንትጎመሪ ካውንቲም በ2015 በግል ግቢ ሣር ላይ ለውበት ብቻ ሲባል የተወሰኑ ፀረ-ተባይና ፀረ-አረም መድኃኒቶችን መርጨት ከለከሉ። የካውንቲውን ሕግ የተቃወሙ ወገኖች ክስ አቅርበው ነበር፤ የግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት በ2019 ሕጉን አጸናው።

በጁንና በጁላይ ሥራው መታገሥ ነው። የማጨጃው ስለት ከፍ ይደረጋል፤ ፌስኪው ከሦስት እስከ አራት ኢንች ቁመት ሲኖረው አፈሩን ያጠላል፣ የአረም ዘር ብርሃን ያጣል። የሚያጠጣ ሰው በሳምንት አንድ ኢንች ያህል ውሃ በማለዳ ይሰጣል። የማያጠጣው ሣሩ ቡናማ ሲሆን ያያል፤ ሞት ሳይሆን እንቅልፍ ነው፣ እምብርቱ ሕያው ስለሆነ ዝናብ ሲመለስ ያቆጠቁጣል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ወር ያለ ምክንያት ይደነግጣል፤ ቡናማው ሣር ከአውሮፓ ይዞት የመጣውን ተፈጥሮ እየኖረ ነው። በኦገስት መጨረሻ ሣሩ እንደ ምንጣፍ ከተጠቀለለ ግን ሌላ ነገር ነው፦ ሥሩን የጃፓን ጥንዚዛ እጭ በልቶታል ማለት ነው። ይህ ጥንዚዛ በአሜሪካ መጀመሪያ የታየው በ1916 በኒውጀርሲ ነው።

ከኦገስት መጨረሻ እስከ ኦክቶበር አጋማሽ ያሉት ሳምንታት ከሁሉ የተሻሉ ናቸው። አፈሩ ገና ሙቅ ነው፣ አየሩ በርዷል፣ ክራብግራስ ሊሞት ተቃርቧል። መሬቱ በማሽን እየተበሳ ይተነፍሳል፤ በሳሳው ቦታ ዘር ይበተናል፤ የረገፈው ቅጠል በማጨጃው ደቅቆ እዚያው ሊቀር ይችላል። ማዳበሪያም የሚጠቅመው ያኔ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተበተነው በዝናብ ታጥቦ ወደ ቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ይገባና አልጌውን ያፋፋል፣ አልጌው ሲበሰብስ ዓሣና ሸርጣን ኦክስጅን ያጣሉ። ሜሪላንድ በ2011 ባወጣችው ሕግ የቤት ባለቤት ከኖቬምበር 15 እስከ ማርች 1 ማዳበሪያ እንዳይበትን፣ የአፈር ምርመራ ካላሳየ በቀርም ፎስፎረስ እንዳይጨምር ተከልክሏል። ለግቢ ሣር በሕግ ቀን መቁረጥ በዚህ ዘመን የጀመረው ከውሃው ወገን ነው።

ከቨርጂንያ ወደ ደቡብ ሲወረድ ዓመቱ ይገለበጣል። በጆርጂያና በቴክሳስ ግቢዎች የሚበቅለው ሣር ሙቀት ሲበረታ የሚያድግ፣ በብርድ የሚደርቅ ነው፤ ዋነኛው የአፍሪካ ተወላጁ ሰርዶ ነው። የኢትዮጵያ ገበሬ ደጋግሞ አርሶ፣ ሥሩን ለቅሞ፣ አሁንም የሚያገኘው ያ የማይሞት አረም አትላንታ ላይ በስፋት እየተለካ ይሸጣል። በጆርጂያ ቲፍተን ከ1936 ጀምሮ የሠራው የመንግሥት የሣር አዳቃይ ግሌን በርተን ይህን ሣር ከደቡብ አፍሪካ ከመጣ ቀጭን ዘመዱ ጋር አዳቀለው። በ1960 የወጣው ቲፍዌይ የተባለ ድቅል በስታዲየምና በጎልፍ ሜዳ ዓለምን ዞሯል። ድቅሉ ዘር ስለማይሰጥ የሚባዛው በቁራጭ ግንዱ ነው፣ ልክ ሰርዶ በማሳ እንደሚሰራጨው።

የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ፣ ኢትዮጵያን ጨምሮ፣ ሌላም ሣር ሰጥቷል። ኪኩዩ በሚል ስም የሚታወቀው ይህ ሣር በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ካሊፎርኒያ የተወሰደው የመሬት መሸርሸርን እንዲገታ ነበር። አፈሩን ያዘ፣ ግን ሌላውንም ሁሉ ወረረ። ዛሬ በአገሪቱ የጎጂ አረሞች መዝገብ ውስጥ ሲገኝ፣ በሎስ አንጀለስ የታወቀው የሪቪዬራ ጎልፍ ሜዳ ግን ይኮራበታል። በደጋው አገሩ ዓመቱ የሚከፈለው በዝናብ ነው፤ ሲዘንብ ያድጋል፣ ሳይዘንብ ያርፋል፣ ከብቱም ይግጠዋል።

ዝናብ እጅግ በሚያንስበት ምዕራብ ደግሞ ታሪኩ ወደ መነቀል ደርሷል። የናሳ ተመራማሪዋ ክርስቲና ሚሌሲ በ2005 በታተመ ጥናት የአሜሪካን የሣር ሽፋን ወደ 160,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገምታለች፤ ከኢትዮጵያ የቆዳ ስፋት ሰባት አንድ እጅ ገደማ ነው። የካሊፎርኒያ አገረ ገዢ ጄሪ ብራውን በ2015ቱ ድርቅ 50 ሚሊዮን ካሬ ጫማ የግቢ ሣር ድርቅ በሚችሉ ተክሎች እንዲተካ አዘዘ። ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት ላስ ቬጋስ የውሃ ባለሥልጣኑ ሣሩን ነቅሎ በበረሃ ተክል ለሚተካ ባለቤት በካሬ ጫማ ሒሳብ ይከፍላል። የኔቫዳ ግዛት በ2021 ያወጣው ሕግ ከዚህም አልፎ፣ በመንገድ አካፋይ፣ በመኪና ማቆሚያና በንግድ ቤቶች ዙሪያ ማንም የማይረግጠው ሣር ከ2027 ጀምሮ ከኮሎራዶ ወንዝ በተጠለፈ ውሃ እንዳይጠጣ ይከለክላል። ክልከላው የአንድ ቤተሰብ መኖሪያ ቤቶችን ግቢ አይጨምርም።